መምህሩ ወደ ተማሪ ወንበር ሲመለስ፦ የሆሻንጋባድ የሳይንስ ትምህርት መርሐ ግብር

በመካከለኛው ሕንድ በማድያ ፕራዴሽ ግዛት፣ ከናርማዳ ወንዝ በስተደቡብ፣ ቀድሞ ሆሻንጋባድ ይባል የነበረ፣ ዛሬ ግን ናርማዳፑራም ተብሎ የሚጠራ የገበሬዎች አውራጃ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1972 በዚህ አውራጃ በሚገኙ 16 መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አንድ የሳይንስ ትምህርት ሙከራ ተጀመረ። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከዚያ በፊት በነዚህ ትምህርት ቤቶች ሳይንስ ማለት መምህሩ ከመጽሐፍ የሚያነበው፣ ተማሪውም በቃሉ አጥንቶ በፈተና ወረቀት ላይ የሚመልሰው ትምህርት ነበር። ስለ ሌንስ የሚያስተምረው መምህር ራሱ ሌንስ በእጁ ይዞ ላያውቅ ይችላል። ከመምህራኑም ብዙዎቹ ሳይንስ በሙያነት ያልተማሩ ነበሩ።

ሙከራውን የጠነሰሱት ሁለት የበጎ ፈቃድ ድርጅቶች ሲሆኑ፣ እነርሱም ኪሾር ባራቲ እና በራሱሊያ መንደር የነበረው የኩዌከሮች የገጠር ማዕከል ናቸው። የሐሳቡ ሥር ግን ከዚያ ቀደም ይላል። የመላው ሕንድ የሳይንስ መምህራን ማኅበር የፊዚክስ ጥናት ቡድን በቦምቤይ ከተማ ትምህርት ቤቶች ፊዚክስን በሙከራ ለማስተማር ሥራ ጀምሮ ነበርና፣ ሆሻንጋባድ የዚያ ልምድ ወራሽ ሆነች። ከቦምቤይ የታታ የምርምር ተቋም፣ ቀጥሎም ከዴልሂ ዩኒቨርሲቲ የመጡ ሳይንቲስቶች የመጀመሪያዎቹን ሥልጠናዎች መርተዋል። የግዛቱ መንግሥት በራሱ ትምህርት ቤቶች ውስጥ መጽሐፉም፣ የማስተማሪያው ስልትም፣ ፈተናውም ጭምር እንዲለወጥ መፍቀዱ እጅግ ያልተለመደ ነገር ነበር፤ ያለዚህ ፈቃድ ሥራው የጥቂት በጎ አድራጊዎች ትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ሆኖ በቀረ ነበር።

ሥልጠናው ትምህርት ቤት በሚዘጋበት በብርቱው የበጋ ሙቀት ወቅት ለ3 ሳምንታት ያህል ይካሄድ ነበር። መምህራኑ ልክ ልጆቹ በክፍል ውስጥ እንደሚቀመጡት አራት አራት ሆነው ይቀመጣሉ። በእጃቸው የሚገባው «ባል ቫይግያኒክ»፣ ማለትም «ታዳጊው ሳይንቲስት»፣ የተባለው የሥራ መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ ምን እንደሚሠራ ያዝዛል፣ ከሙከራው በኋላም ይጠይቃል፤ መልስ ግን አይሰጥም። ስለዚህ ሃያ ዓመት ያስተማረ ጎልማሳ መምህር ሽቦውን ከባትሪ ድንጋይና ከአምፖል ጋር ራሱ ማገናኘት፣ ያየውንም ራሱ መጻፍ ነበረበት።

ከሁሉ ይበልጥ መምህራኑን ያስቸገራቸው የልኬት ትምህርት ሳይሆን አይቀርም። አንድን ርዝመት ብዙ ሰዎች ሲለኩት ውጤቱ ይለያያል። አንድ ትክክለኛ መልስ ብቻ አለ በሚል እምነት ላደገ መምህር ይህ የሚያናድድ ነገር ነው፤ የተሳሳተውን ሰው ፈልጎ ማረምም ያምረዋል። ሥልጠናው ግን ልዩነቱን በሠንጠረዥ እንዲያሰፍር፣ ስፋቱን እንዲመለከት፣ ምክንያቱንም እንዲመረምር ያስገድደዋል። ስለ ዕድልና ስለ ይሆናልነት የሚናገረው ምዕራፍም እንዲሁ ሳንቲም ደጋግሞ በማስወርወር የሚማሩት ነበር። በንግግር ቢሰጥ በአንድ ሰዓት የሚያልቀው ይህ ትምህርት በእጅ ሲሠራ ጊዜ ይበላል፤ ጊዜ መብላቱም አግባብ ነው።

ከዩኒቨርሲቲ የመጡት ሊቃውንት መልስ ይዘው እንዲቀርቡ አይፈለግም ነበር። የማያውቁትን ነገር ሲጠየቁ «አላውቅም፤ እስቲ እንሞክረው» ማለት ይገባቸው ነበር። ሊቅ በጉባኤ ፊት አላውቅም ሲል መስማት ባልተለመደበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። መምህሩ ወደ መንደሩ ተመልሶ በተማሪዎቹ ፊት ያንኑ ቃል ለመናገር የሚደፍረው ታላቁን ሰው ሲናገረው ሰምቶ ከሆነ ነው። ልጆችም «ሳዋሊራም» ለሚባል ምናባዊ ሰው ጥያቄያቸውን በደብዳቤ ይልኩ ነበር። «ሳዋል» በሂንዲ ጥያቄ ማለት ሲሆን ከዐረብኛ የተወሰደ ነው፤ ግእዝ የሚያውቅ አንባቢ «ሰአለ» ከሚለው ግሥ ጋር ያለውን ዝምድና ወዲያው ያየዋል።

በ1978 መርሐ ግብሩ በአውራጃው ወደሚገኙ መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሁሉ ተስፋፋ። በዚያው ዓመት አርቪንድ ጉፕታ የተባለ ወጣት መሐንዲስ ከሚሠራበት የመኪና ፋብሪካ ፈቃድ ወስዶ ወደ ሆሻንጋባድ መጣ። ይህ ሰው የብስክሌት ቫልቭ ላስቲክን በትንንሹ ቆርጦ፣ በግራና በቀኝ የክብሪት እንጨት እየሰካ፣ ሦስት ማዕዘንና አራት ማዕዘን ቅርጾችን መሥራት ጀመረ። አራት ማዕዘኑ ሲገፉት ይጋደማል፤ ሦስት ማዕዘኑ ግን አይነቃነቅም፤ የድልድይና የጣራ ማዋቀሪያ ብረት ለምን በሦስት ማዕዘን እንደሚሠራ ልጁ በጣቱ ይረዳዋል። ሥራው በ1987 በመጽሐፍ ታትሞ በዓለም ዙሪያ ታወቀ። ሆኖም የሆሻንጋባድ ስም ሲነሣ የክብሪት እንጨቱ ብቻ መወደሱ ታሪኩን ያጎድለዋል። ርካሽ መሣሪያ ብቻውን መምህሩን አይለውጠውም።

ሥልጠናው የጸናው ከ3ቱ ሳምንታት በኋላ በሚሆነው ነገር ነው። በአቅራቢያ ያሉ ትምህርት ቤቶች መምህራን በየወሩ እየተሰበሰቡ የትኛው ሙከራ እንዳልሠራ፣ የትኛው ጥያቄ ልጆቹን ግራ እንዳጋባ ይወያዩ ነበር። ባለሙያዎች ወደ ክፍሎቹ ሄደው ትምህርቱን ይከታተላሉ፤ ከዚያ የተገኘው አስተያየትም የሥራ መጽሐፉን ለማረም ይውል ነበር። ከመምህራኑም መካከል ብዙዎች በኋላ ራሳቸው አሠልጣኞች ሆነዋል። ፈተናውም ቢሆን መጽሐፍ ገልጦ የሚሠራ የጽሑፍ ክፍልና የተግባር ክፍል ነበረው፤ በቃል ማጥናት ስለማይጠቅም መምህሩ በቃል የሚያስጠናበት ምክንያት አልነበረም። በ1982 ኤክላቭያ የተባለው ተቋም ተመሥርቶ ሥራውን ተረከበና ወደ ሌሎች አውራጃዎች አስፋፋው። በመጨረሻው ዘመን ወደ 1,000 የሚጠጉ ትምህርት ቤቶችና ወደ 100,000 የሚጠጉ ተማሪዎች በመርሐ ግብሩ ታቅፈው ነበር።

የመርሐ ግብሩ ድካም የነበረው ከ8ኛ ክፍል በኋላ ነው። ልጆቹ ከዚያ አልፈው ሲሄዱ የሚጠብቃቸው ያው የቃል ጥናት ፈተና ነበር። ተቃዋሚዎቹ የአውራጃው ልጆች በዚያ ፈተና ወደኋላ ቀርተዋል ሲሉ ከሰሱ፤ ደጋፊዎቹም ክሱ በማስረጃ አልተደገፈም ብለው ተከራከሩ። በ2002 የግዛቱ መንግሥት መርሐ ግብሩ እንዲዘጋ ወሰነ። የታወቁ ሳይንቲስቶችና የትምህርት ሰዎች ውሳኔው እንደገና እንዲመረመር ቢጠይቁም ሰሚ አላገኙም። ምርመራው በክፍል ውስጥ ምን እንደተሠራ ከመጠየቅ ቢጀምር ኖሮ ክርክሩ ሌላ መልክ በያዘ ነበር። ሠላሳ ዓመት የተለፋበት መጽሐፍ ከክፍል ወጥቶ የግዛቱ የተለመደ መማሪያ መጽሐፍ በቦታው ተተካ፤ ኤክላቭያ መጻሕፍት ማሳተሙን ቢቀጥልም፣ መምህራኑን ለሥልጠናና ለወርኀዊው ስብሰባ ይጠራ የነበረው መንግሥታዊ ፈቃድ በዚያው አበቃ።