የትንሿ አገር ሻርኮች፦ የኬፕ ቬርዴ ብሔራዊ ቡድን ታሪክ

በሬዲዮ የቀረበው ንግግር ይኸውና ታትሞ በእጃችሁ ገብቷል። ቀስ ብላችሁ አንብቡት። አስቸጋሪ ስም ሲያጋጥማችሁ ፊደሉን አንድ በአንድ እየለያችሁ እለፉ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በእኛ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

የዛሬው ርእሳችን የአንዲት ትንሽ አፍሪካዊት አገር የእግር ኳስ ቡድን ታሪክ ነው። «እግር ኳስ ጨዋታ አይደለም ወይ? ምን ታሪክ አለው?» የሚል አይጠፋም። ጨዋታስ ጨዋታ ነው። ነገር ግን አንድ ሕዝብ ከየት ተነሥቶ የት እንደ ደረሰ አንዳንድ ጊዜ በሜዳ ላይ ይታያል። የኬፕ ቬርዴም ነገር እንዲሁ ነው።

አገሪቱ የት ናት?

የአፍሪካ ካርታ ካገኛችሁ ጣታችሁን በምዕራቡ ጫፍ፣ በሴኔጋል ላይ አድርጉ። ከዚያ ወደ አትላንቲክ ውቅያኖስ ግቡ። ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ በባሕር ከተጓዛችሁ በኋላ አሥር ደሴቶች ታገኛላችሁ። ደሴት ማለት ዙሪያውን በውሃ የተከበበ መሬት ነው። ሰው የሚኖርባቸው ዘጠኙ ናቸው። ዋና ከተማዋ ፕራያ ትባላለች። የአገሪቱ ሕዝብ ግማሽ ሚሊዮን ያህል ነው። አዲስ አበባ ብቻዋን ከዚህ ብዙ እጥፍ ሕዝብ አላት።

ደሴቶቹን ፖርቱጋል ለ500 ዓመታት ያህል ገዝታቸዋለች። መሬታቸው ደረቅ ነው፤ ዝናብም ይነፍጋቸዋል። በ1930ዎቹ ዓመታት በደረሰው ረኀብ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው አልቋል። ያን ጊዜ ቅኝ ገዢው መንግሥት በጊዜ አልደረሰላቸውም።

ታዲያ ሕዝቡ ምን አደረገ? ተሰደደ። አንዳንዱ ዓሣ ነባሪ በሚያድኑ መርከቦች ተቀጥሮ ወደ አሜሪካ ሄደ። ሌላው ወደ ፖርቱጋል፣ ወደ ሆላንድና ወደ ፈረንሳይ ሄዶ በወደብና በፋብሪካ ሠራ። ዛሬ ከአገር ውጭ ያለው የኬፕ ቬርዴ ተወላጅ በአገር ቤት ካለው ይበልጣል ተብሎ ይገመታል። ይህን ነገር ልብ በሉት፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ለነጻነት የታገለው ድርጅት መሪ አሚልካር ካብራል ነበር። ካብራል የእርሻ መሐንዲስ ነው። ኬፕ ቬርዴንና ጊኒ ቢሳውን በአንድነት ነጻ ለማውጣት ሲታገል ጥር 12 ቀን 1965 ዓ.ም. በኮናክሪ ከተማ ተገደለ። ነጻነቱን በዓይኑ አላየም። ኬፕ ቬርዴ ነጻ የወጣችው ሰኔ 28 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው።

ቡድኑ ተመሠረተ

አዲሲቱ አገር ትምህርት ቤትም ሐኪም ቤትም የሚያስፈልጋት ነበረች። ኳሱ ቀስ እያለ መጣ። የእግር ኳስ ፌዴሬሽኗ የተቋቋመው ነጻነት ከተገኘ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ከዚያም ፊፋ የሚባለው ዓለም አቀፉ የእግር ኳስ ማኅበር በአባልነት ተቀበላት። ተጫዋቾቹ «ሰማያዊዎቹ ሻርኮች» የሚል ስም ወጣላቸው። ሻርክ ኃይለኛ የባሕር አዳኝ ዓሣ ነው።

ስሙ ቢያስፈራም በመጀመሪያ ማንም አልፈራቸውም። ጎበዝ ጎበዙ ተጫዋች ለሌላ አገር ይሰለፍ ነበር። ለፈረንሳይ የተጫወተው ፓትሪክ ቪዬራ ከእናቱ ወገን የኬፕ ቬርዴ ዘር ነው። ለስዊድን የተጫወተው የሄንሪክ ላርሰን አባትም ከዚያው ናቸው። ለፖርቱጋል የተጫወተው ናኒም የእነዚሁ ደሴቶች ልጅ ነው። እናት ወልዳ ጎረቤት ሲያሳድግላት እንደ ማለት ነው።

ዓለም ያወቃቸው ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. ነው። ለአፍሪካ ዋንጫ ለማለፍ ከካሜሩን ጋር ተገናኙ። ካሜሩን በዚያን ጊዜ ዋንጫውን አራት ጊዜ የወሰደች ታላቅ ቡድን ናት። ኬፕ ቬርዴ በሜዳዋ 2 ለ 0 አሸንፋ ነበር። በያውንዴ 2 ለ 1 ብትሸነፍም በድምሩ 3 ለ 2 በልጣ አለፈች። አሠልጣኙ ሉሲዮ አንቱንሽ በሙያው የአውሮፕላን በረራ ተቆጣጣሪ ነበር።

ያን ቀን እናንተም አትረሱት ይሆናል። በዚያው ዕለት የእኛ ቡድን አዲስ አበባ ላይ ሱዳንን 2 ለ 0 አሸንፎ፣ ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ አልፏል። ሁለቱም ቡድኖች ጥር ላይ ደቡብ አፍሪካ ገቡ። ኬፕ ቬርዴ ከደቡብ አፍሪካ ጋር 0 ለ 0፣ ከሞሮኮ ጋር 1 ለ 1 ወጣች። በሦስተኛው ጨዋታ አንጎላ ስትመራት ቆይታ፣ በመጨረሻዎቹ አሥር ደቂቃዎች ሁለት ግብ አግብታ 2 ለ 1 አሸነፈች። በሩብ ፍጻሜ ጋና 2 ለ 0 ረታቻት። ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣ ቡድን ከዚህ በላይ ምን ያድርግ?

በሜዳ ያሸነፉት፣ በወረቀት የተሸነፉት

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። በዚያው ዓመት የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ይካሄድ ነበር። መጋቢት 15 ቀን 2005 ዓ.ም. ኬፕ ቬርዴ ከኢኳቶሪያል ጊኒ ጋር ተጫውታ ተሸነፈች። በጨዋታው አንድ የኬፕ ቬርዴ ተከላካይ በቀይ ካርድ ወጣ፤ ለሚቀጥሉት ጨዋታዎችም ታገደ። በኋላ ግን ኢኳቶሪያል ጊኒ የማይፈቀድለትን ተጫዋች ማሰለፏ ታወቀ። ውጤቱ ተሰርዞ ለኬፕ ቬርዴ 3 ለ 0 ተባለ።

እዚህ ላይ አስተውሉ። የጨዋታው ውጤት ተሰረዘ፤ የተከላካዩ ቅጣት ግን አልተሰረዘም።

ጳጉሜን 2 ቀን 2005 ዓ.ም. ኬፕ ቬርዴ ወደ ቱኒዚያ ሄደች። አሸናፊው ከምድቡ አንደኛ ሆኖ ወደ መጨረሻው ማጣሪያ ያልፋል። ለቱኒዚያ አቻ መውጣት ይበቃታል፤ ኬፕ ቬርዴ ግን ማሸነፍ አለባት። አሸነፈችም! 2 ለ 0። ደሴቶቹ በደስታ ተናወጡ። ለዓለም ዋንጫ አንድ ደረጃ ቀራቸው።

ደስታው ሳምንት አልሞላም። ያ የታገደው ተከላካይ በጨዋታው ተሰልፎ ነበርና ፊፋ ውጤቱን ሰረዘው። ለቱኒዚያ 3 ለ 0 ተፈረደላት። ቱኒዚያ ወደ መጨረሻው ማጣሪያ አለፈች፤ ኬፕ ቬርዴ ቀረች። 11 ሰዎች 90 ደቂቃ ሮጠው ያገኙትን አንድ ወረቀት ወሰደው።

እኛስ? በእኛም ላይ ደርሷል። በዚያው ማጣሪያ፣ ሰኔ 1 ቀን 2005 ዓ.ም. ቡድናችን ቦትስዋናን በሜዳዋ 2 ለ 1 አሸነፈ። ሁለት ቢጫ ካርድ ያለበት ተጫዋች ስለ ተሰለፈ ግን ሦስቱ ነጥብ ተወሰደብን። የእኛ ቡድን ዕድል ነበረው። ጳጉሜን 2 ቀን፣ ኬፕ ቬርዴ ቱኒዚያን ባሸነፈችበት በዚያው ዕለት፣ የመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክን 2 ለ 1 አሸንፎ ከምድቡ አንደኛ ሆነ። ከዚያ በናይጄሪያ ተሸንፎ ቀረ። ለኬፕ ቬርዴ ግን ሌላ ጨዋታ አልቀረላትም ነበር።

አያችሁ፣ ካርዱን ዳኛው በሜዳ ያሳያል፤ ቅጣቱ ግን የሚኖረው በወረቀት ላይ ነው። ተጫዋቹ ይረሳል፣ ተመልካቹም ይረሳል፣ ወረቀቱ ግን አይረሳም። አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት ለዚህ ነው። የዕድር መተዳደሪያ፣ የቤት ኪራይ ውል፣ የመሬት ደብተር እንዲሁ ናቸው። ጉልበት ያመጣውን ነገር ሳይነበብ የቀረ አንድ መስመር ሊያስቀር ይችላል።

ተስፋ አልቆረጡም

ኬፕ ቬርዴ አልቅሳ አልቀረችም። ጥር 2007 ዓ.ም. እንደገና በአፍሪካ ዋንጫ ተገኘች። ሦስቱን ጨዋታ አቻ ወጥታ፣ አንድም ሳትሸነፍ፣ ባገባችው ግብ ማነስ ወደቀች። መጋቢት 22 ቀን 2007 ዓ.ም. ደግሞ በወዳጅነት ጨዋታ የቀድሞ ገዢዋን ፖርቱጋልን በገዛ አገሯ 2 ለ 0 አሸነፈች። ጨዋታው የወዳጅነት ነው፤ የፖርቱጋል ዋና ዋና ተጫዋቾችም አልነበሩበትም። ቢሆንም ለዚያ ሕዝብ ትርጉሙ ብዙ ነበር።

ከዚያ በኋላ የተበተኑትን ልጆች መሰብሰቡ በረታ። የሮቤርቶ ሎፔዝን ነገር ላጫውታችሁ። ሎፔዝ የተወለደው አየርላንድ አገር፣ ደብሊን ከተማ ነው። አባቱ የኬፕ ቬርዴ ሰው፣ እናቱ የአየርላንድ ሴት ናቸው። የብሔራዊ ቡድኑ አሠልጣኝ ሊንክድኢን በሚባል የኢንተርኔት መገናኛ መልእክት ላከለት። መልእክቱ በፖርቱጋልኛ ነበር። ሎፔዝ ፖርቱጋልኛ ማንበብ አይችልም። እንደ ተራ ማስታወቂያ ቆጥሮ ተወው። ዘጠኝ ወር ያህል አለፈ። አሠልጣኙ እንደገና፣ አሁን በእንግሊዝኛ ጻፈለት። ሎፔዝ የፊተኛውን መልእክት አስተርጉሞ ሲያየው «ለኬፕ ቬርዴ ትጫወታለህ ወይ?» የሚል ጥሪ ሆኖ አገኘው። ወዲያው እሺ አለ። የቡድኑም ምሰሶ ሆነ።

እንግዲህ የአባት አገር ጥሪ ሳይነበብ ዘጠኝ ወር ተቀመጠ ማለት ነው። ሁለተኛ ባይጻፍለት ኖሮስ?

ጥር 1 ቀን 2014 ዓ.ም. ይህ ቡድን ካሜሩን ላይ ከእኛ ጋር ተገናኘ። ከእኛ ተከላካዮች አንዱ ገና በመጀመሪያው በቀይ ካርድ ወጣብን። ኬፕ ቬርዴ 1 ለ 0 አሸነፈችን። በ2016 ዓ.ም. በአይቮሪ ኮስት በተካሄደው የአፍሪካ ዋንጫ ደግሞ ጋናን አሸንፋ፣ ከግብፅ ጋር አቻ ወጥታ፣ ምድቡን መራች። በሩብ ፍጻሜ ከደቡብ አፍሪካ ጋር 0 ለ 0 ተለያይታ በፍፁም ቅጣት ምት ወደቀች።

ሁልጊዜም ወደ ላይ አልወጣችም። ለሚቀጥለው የአፍሪካ ዋንጫ ማለፍ ሳትችል ቀርታለች። በዓለም ዋንጫ ማጣሪያም ሰኔ 1 ቀን 2016 ዓ.ም. ካሜሩን 4 ለ 1 አሸንፋታለች። አሠልጣኙ ቡቢስታ ግን አልተባረረም። ቡቢስታ የቦዋ ቪስታ ደሴት ልጅ ነው፤ ራሱም ለአገሩ የተጫወተ ነው። ሥራውን ቀጠለ።

ጥቅምት 3 ቀን

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ካሜሩን ወደ ፕራያ መጣች። ኬፕ ቬርዴ 1 ለ 0 አሸነፈች። መስከረም 28 ቀን 2018 ዓ.ም. በሊቢያ 3 ለ 1 ስትመራ ቆይታ 3 ለ 3 ወጣች። የቀረው አንድ ጨዋታ ነው።

ጥቅምት 3 ቀን 2018 ዓ.ም. ፕራያ ላይ ከኤስዋቲኒ ጋር ተገናኙ። 15 ሺህ ሰው የሚይዘው ስታዲየም ሞላ። እስከ ዕረፍት ግብ የለም። ሰዉ ተጨነቀ። ከዕረፍት በኋላ ሊቭራሜንቶ አንድ አገባ፤ ቪሊ ሴሜዶ ሁለተኛውን ጨመረ። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል የ37 ዓመቱ ስቶፒራ ሦስተኛውን አስቆጠረ። 3 ለ 0! ኬፕ ቬርዴ በ23 ነጥብ፣ ካሜሩንን በአራት ነጥብ በልጣ፣ አሜሪካ፣ ካናዳና ሜክሲኮ እንዲያዘጋጁት ለተመደበው የዓለም ዋንጫ አለፈች። ከእርሷ ያነሰ ሕዝብ ያላት አፍሪካዊት አገር ከዚያ በፊት አልፋ አታውቅም።

በሜዳው ግብ ጠባቂው ቮዚኛና አምበሉ ራያን ሜንዴሽ ነበሩ። ሁለቱም በ2005 ዓ.ም. ወደ አፍሪካ ዋንጫ ከሄዱት ውስጥ ናቸው። 12 ዓመት ጠብቀዋል።

ከዚህ ታሪክ ምን እንይዛለን? አንደኛ፣ የሕዝብ ማነስ አያሳንስም፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር። ኬፕ ቬርዴ ረኀብ የበተናቸውን ልጆች ጠርታ ሰበሰበች። ሁለተኛ፣ የተጻፈን ነገር አትናቁ። ይህች አገር በ2005 ዓ.ም. የወደቀችው በእግር ሳይሆን በወረቀት ነው። አሁን እናንተ ማንበብ ጀምራችኋል። ከመፈረማችሁ በፊት አንብቡ። ያልገባችሁን ጠይቁ። ለእናንተ የተጻፈ መልእክት ዘጠኝ ወር አይቀመጥባችሁ።

ደኅና ሁኑ።

ለመወያያ የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. የኬፕ ቬርዴ ሕዝብ ለምን ተሰደደ? ስደቱ ለቡድኑ በምን ጎዳው፣ በምንስ ጠቀመው?

2. ኬፕ ቬርዴ ቱኒዚያን አሸንፋ ሳለ ለምን ቀረች?

3. በምትኖሩበት አካባቢ ሰው ሳያነብ የሚፈርመው ወረቀት የትኛው ነው? ከጎረቤቶቻችሁ ጋር ተነጋገሩበት።