የአቀባይ አደራ

አባቶቻችን «አደራ ጥብቅ፥ ሰማይ ሩቅ» ሲሉ የተናገሩት ቃል የሰውን መልእክት ተቀብሎ ለሚያደርስ ሁሉ የተገባ ነው። የዛሬው ንግግራችንም ከየመሥሪያ ቤቱ የሚወጣውን ኢሜይል ተቀብሎ ወደ ሌላው ስለሚያቀብለው ሰርቨር ታሪክ ይሆናል። የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

በ1971 ሬይ ቶምሊንሰን የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ከአንዱ ኮምፒዩተር ወደ ሌላው በመረብ መልእክት ሰደደ። በ1982ም ጆናታን ፖስቴል ኤስ ኤም ቲ ፒ የተባለውን የመልእክት ማስተላለፊያ ደንብ ጽፎ አወጣ። በዚያ ጊዜ በመረቡ የሚጠቀሙት ዩኒቨርሲቲዎችና የምርምር ቤቶች ጥቂቶች ስለ ነበሩ፥ አንዱ ሰርቨር የማያውቀውን ሰው መልእክት ተቀብሎ ማሳለፉ እንደ መልካም ጉርብትና ይቈጠር ነበር። «ማን ነህ?» ብሎ የሚጠይቅ በረኛ አልነበረም።

ነገር ግን በ1990ዎቹ መረቡ ለንግድ በተከፈተ ጊዜ፥ ማስታወቂያ ነዛዦችና አታላዮች ይህን ቸርነት መሣሪያ አደረጉት። አንዱን መልእክት ከብዙ አድራሻ ጋር በሰው ሰርቨር ላይ ይጥሉና ይሰወራሉ፤ ድካሙም ወቀሳውም ለባለ ሰርቨሩ ይተርፋል። ሌሎችም የሰርቨሩን አድራሻ በጥቁር መዝገብ እየጻፉ፥ ከዚያ የሚመጣውን የቅን ሠራተኛ ደብዳቤ ጭምር ይመልሱ ጀመር።

ስለዚህ በ1998 ሴንድሜይል የተባለው እጅግ የታወቀ ፕሮግራም ባለቤቱ ካልፈቀደ በቀር የእንግዳ መልእክት እንዳያሳልፍ ተደርጎ ወጣ። በ1999ም ላኪው በስሙና በይለፍ ቃሉ ማንነቱን ለሰርቨሩ የሚያስረዳበት ደንብ ተጻፈ። በረኛው በቦታው የቆመው እንዲህ ከብዙ ጥፋት በኋላ ነው።

እንግዲህ ዛሬ ሰርቨር የሚያቆም ሰው «መልእክቱ ይደርሳልን?» ከማለቱ አስቀድሞ «የማንን መልእክት ላደርስ ፈቅጃለሁ?» ብሎ ራሱን ይጠይቅ። ይህም ጥንቃቄ ለባለሙያው ብቻ የተተወ አይደለም፤ የይለፍ ቃሉን ለባልንጀራው የሚያውስ ሠራተኛ የተዘጋውን በር መልሶ ይከፍተዋልና። የመሥሪያ ቤት ማኅተም በጠረጴዛ ላይ ተጥሎ እንደማያድር ሁላችን እናውቃለን። ሰርቨሩም የመሥሪያ ቤቱን ስም ተሸክሞ ወደ ዓለም የሚያደርስ ነውና፥ እንደ ማኅተሙ ሊጠበቅ ይገባዋል።