ድምፅና ምስል ሲለያዩ፦ የድምፅ ማዘግያና የዝምታ ጠቋሚ አሠራር

በቴሌቪዥን የሚናገር ሰው ከንፈሩ ሳይንቀሳቀስ ድምፁ የሚቀድምበት፣ አልያም ምስሉ እየታየ ድምፁ ጨርሶ የሚጠፋበት ጊዜ አለ። ስለ አንበጣ መንጋ ወይም ስለ ጎርፍ ማስጠንቀቂያ በሚተላለፍበት ሰዓት ይህ ተራ ብልሽት አይደለም፤ ከምስሉ ግርጌ የሚያልፈውን ጽሑፍ ማንበብ ለማይችል ተመልካች መልእክቱ ያለው በድምፁ ውስጥ ነውና። ጣቢያዎች ሁለቱን ችግሮች የሚከላከሉት በማሰራጫ መሣሪያዎቻቸው ላይ የድምፅ ማዘግያና የዝምታ ጠቋሚ በማስተካከል ነው።

ምስል ከድምፅ እጅግ የበዛ መረጃ ስለሚሸከም፣ መጠኑን የሚቀይሩና አርማና ጽሑፍ የሚጨምሩ መሣሪያዎች በየደረጃው ያዘገዩታል። ድምፁ ቀድሞ ይደርሳል። የማዘግያው ሥራ ምስሉ እስኪመጣ ድምፁን ይዞ ማቆየት ነው። ብዙዎች የሳተላይቱን ርቀት ይወቅሳሉ፤ ይሁንና ምልክቱ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ወጥቶ ሲመለስ ሩብ ሰከንድ ቢፈጅበትም ድምፅና ምስል አብረው ስለሚጓዙ ርቀቱ አያለያያቸውም።

የሰው ልጅ ዘግይቶ የሚመጣን ድምፅ ከሚቀድመው ይልቅ ይታገሣል። ከማዶ እንጨት የሚፈልጥ ሰው መጥረቢያው ካረፈ በኋላ ነው ድምፁ የሚሰማው፤ ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ ዓይንና ጆሮ ይህን ለምደውታል። ከምቱ በፊት የሚሰማ ድምፅ ግን በተፈጥሮ የለም። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጣው ምክረ ሐሳብ ተመልካች ልዩነቱን ማስተዋል የሚጀምረው ድምፁ 45 ሚሊ ሰከንድ ያህል ሲቀድም ወይም 125 ሚሊ ሰከንድ ያህል ሲዘገይ መሆኑን ያመለከተውም ከዚሁ ጋር የሚስማማ ነው።

ልኬቱ ቀላል ነው። አንድ ሰው በካሜራ ፊት አንዴ ያጨበጭባል፤ ቀረጻው በዝግታ ታይቶ መዳፎቹ በተገናኙበትና ድምፁ በተሰማበት ቅጽበት መካከል ያሉት ፍሬሞች ይቆጠራሉ። በሰከንድ 25 ፍሬም በሚሠራ ጣቢያ አንዱ ፍሬም 40 ሚሊ ሰከንድ ነውና፣ ድምፁ በሦስት ፍሬም ከቀደመ ማዘግያው ላይ 120 ሚሊ ሰከንድ ይሞላል። ልኬቱ መወሰድ ያለበት ከስቱዲዮው ውስጥ ሳይሆን ከመጨረሻው መውጫ ነው። ድምፁ አስቀድሞ የዘገየ ከሆነ ደግሞ ማዘግያ መጨመር ያባብሰዋል፤ ያን ጊዜ ያለውን መቀነስ ወይም ምስሉን ማዘግየት ያስፈልጋል።

የዝምታ ጠቋሚ ሁለት ቁጥሮች ይሰጡታል፦ የድምፅ መጠንና የቆይታ ጊዜ። ለምሳሌ ድምፁ ከከፍተኛው የዲጂታል መጠን 60 ዴሲቤል ዝቅ ብሎ 20 ሰከንድ ከቆየ ማንቂያ ያሰማል፤ ከታዘዘም ወደ መጠባበቂያ መስመር ይቀይራል። ወሰኑ ከፍ ከተደረገ በለሆሳስ የሚናገሩ አዛውንት ንግግር እንደ ዝምታ ይቆጠራል። በጣም ዝቅ ካለ ደግሞ በመስመሩ ላይ ያለው እዝታ ብቻ ጠቋሚውን ያታልለዋል፤ ማይክሮፎኑ ሞቶ ሳለ ሁሉም ደኅና ይመስላል። የግራና የቀኝ ድምፅም ለየብቻ መጠበቅ አለበት።

በአገራችን በተለይ ሊታሰብበት የሚገባው የኅሊና ጸሎት ነው። ለአንድ ደቂቃ ጸጥ ያለ አዳራሽ በቀጥታ ሲተላለፍ 20 ሰከንድ የተሞላ ጠቋሚ በሐዘኑ መካከል የመጠባበቂያ ሙዚቃ ሊለቅ ይችላል። ስለዚህ ባለሙያው ሥነ ሥርዓቱ ከመጀመሩ በፊት ማንቂያውን ትቶ ራሱ የሚቀይረውን ክፍል ብቻ ማጥፋት፣ ሲያበቃም መልሶ ማብራት ይኖርበታል።

በቤት ውስጥ ልዩነቱ በሁሉም ጣቢያዎች ላይ ከታየ ችግሩ ከቴሌቪዥኑ ወይም ከድምፅ ማጉያው ነው፤ በብሉቱዝ የተገናኘ ማጉያ ድምፁን በጉልህ ያዘገያል፣ በሽቦ ማገናኘት ብዙ ጊዜ ይፈታዋል። በአንድ ጣቢያ ላይ ብቻ ከሆነ ለጣቢያው ማሳወቅ ተገቢ ነው። ጥቆማው የሚጠቅመው ድምፁ መቅደሙን ወይም መዘግየቱን፣ ሰዓቱን፣ እንዲሁም ሥርጭቱ በዲሽ ይሁን በስልክ መታየቱን ሲገልጽ ነው።