ዲከረንስ

ዲከረንስ (ሳይንሳዊ ስሙ፦ አካሺያ ዲከረንስ) ከአተር አስተኔ የሚመደብ፣ ቶሎ የሚያድግ የግራር ዓይነት ነው። መነሻው በአውስትራሊያ ኒው ሳውዝ ዌልስ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ በይበልጥ የሚታወቀው በጎጃም ደጋ በአዊ ዞን፣ በተለይም በፋግታ ለኮማ ወረዳ ነው።

የተክሉ ባሕርይ

ቅጠሉ ጥቁር አረንጓዴና እንደ ላባ የተከፋፈለ፣ አበባው ቢጫና ድቡልቡል ነው። በሥሩ እባጮች የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናይትሮጅንን ከአየር ወስደው ተክሉ ሊጠቀምበት ወደሚችል መልክ ይለውጣሉ። በሂማላያ ተራሮች የሚበቅለው የኔፓል አልደርም፣ በሌላ ዓይነት ባክቴሪያ እርዳታ ይሁን እንጂ፣ ተመሳሳይ ጥቅም ይሰጣል፤ በሕንድ የናጋላንድ ገበሬዎች ቅርንጫፉን እየመለመሉ ከሥሩ እህል ይዘሩበታል።

አስተዳደግ

የዘሩ ልባስ ጠንካራ ስለሆነ ከመዘራቱ በፊት በፈላ ውኃ ይነከራል። በችግኝ ጣቢያ ያደገው ችግኝ በክረምት ወደ ማሳ ይዛወራል። በአዊ ገበሬዎች ዘንድ በመጀመሪያው ዓመት ችግኙ ከጤፍ ጋር አብሮ ያድጋል። ጤፉ ከታጨደ በኋላ በዛፎቹ መካከል የሚበቅለው ሣር ለከብት መኖ ይታጨዳል። ዛፉ በ4 ወይም በ5 ዓመት ለቆረጣ ይደርሳል። እንደ ባሕር ዛፍ ከጉቶው በደንብ ስለማያቆጠቁጥ፣ መሬቱ ከቆረጣ በኋላ እንደገና ታርሶ ጤፍና አዲስ ችግኝ ይቀበላል።

የተክሉ ጥቅም

ዋናው ጥቅሙ ከሰል ነው። እንጨቱ እዚያው ማሳው ላይ ተከምሮ በሣርና በአፈር ይሸፈንና በጥቂት አየር ቀስ ብሎ እንዲከስል ይደረጋል። ከሰሉ እስከ አዲስ አበባ ድረስ ይሸጣል። ዛፉ ለማገዶና ለአጥር ይሆናል፤ ቅርፊቱም ቆዳ ለማልፋት የሚያገለግል ታኒን አለው። ገበሬው ራሱ ተክሎ ስለሚያከስለው በተፈጥሮ ደን ላይ የሚደርሰውን ጫና ሊቀንስ ይችላል።

ሥጋት

በቅርብ ዓመታት በፈንገስ የሚመጣ የዝገት በሽታ በአዊ የሚገኙ ማሳዎችን አጥቅቷል። ሰፊ ቦታ በአንድ ዓይነት ዛፍ ሲሸፈን በሽታው ከማሳ ወደ ማሳ በቀላሉ ይዛመታል፤ የቤተሰቡ ገቢ በዚያው ዛፍ ላይ ከቆመ ደግሞ የበርካታ ዓመታት ድካም አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ከሌሎች ዛፎችና ሰብሎች ጋር ማፈራረቅ ጉዳቱን ይቀንሳል። በተጨማሪም ዛፉ በደቡብ አፍሪካ ከተተከለበት ቦታ አልፎ የሚስፋፋ ወራሪ ተክል ተብሎ ስለተፈረጀ፣ ዘሩ ወደ ወንዝ ዳርና ወደ ተፈጥሮ ደን እንዳይዛመት መጠንቀቅ ያስፈልጋል።