ናይሮቢን ማን ያስተዳድር? የስልሳ ዓመት ሙከራ

የዓለም ከተሞች እንዴት ይተዳደሩ የሚለውን ጥያቄ የሚያጠናው የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ተቋም ሃቢታት ዋና መሥሪያ ቤቱ ናይሮቢ፣ ጊጊሪ ነው። በካሩራ ደን አጠገብ፣ 140 ኤከር ገደማ በሚሰፋው ግቢ ውስጥ ያሉት ሕንፃዎች በ1984 እ.ኤ.አ. ሲመረቁ ግን አስተናጋጇ ከተማ ራሷ የመረጠችው ምክር ቤት አልነበራትም።

ናይሮቢ በ1899 የኡጋንዳ ባቡር ሠራተኞች የሰፈሩባት ረግረጋማ ሜዳ ነበረች፤ በ1950 በእንግሊዝ ንጉሥ ቻርተር የከተማነት ማዕረግ አገኘች። እስከ ነፃነት ዋዜማ ስፋቷ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር አይሞላም ነበር። በ1963 ወሰኗ ተለጥጦ 690 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ደረሰ፤ እርሻው፣ ደኑ፣ ብሔራዊ ፓርኩ ሳይቀር ወደ ውስጥ ገባ። ከተማ ሲያድግ ወሰኑን ማስፋት፣ የመጀመሪያው መፍትሔ ይህ ነበር። ወሰኑ እዚያው ሲቀር ሕዝቡ አልፎት ሄደ።

ሁለተኛው መፍትሔ ከላይ የመጣ ነው። በ1983 የፕሬዚዳንት ዳንኤል አራፕ ሞይ መንግሥት ምክር ቤቱ በብልሹ አሠራር ተዘፍቋል ብሎ አገደውና በተሿሚዎች ኮሚሽን ተካው። ለጊዜው የተባለው ኮሚሽን እስከ 1992 ቆየ።

ሦስተኛው በ2008 እ.ኤ.አ. መጣ። የፕሬዚዳንት ምዋይ ኪባኪ መንግሥት ለናይሮቢና ለዙሪያዋ ብቻ የሚሠራ ሚኒስቴር አቋቋመ። ዕቅዱ 15 የአካባቢ አስተዳደሮችንና 32,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚያካልል ነበር። ሆኖም ሚኒስትሩ ተጠሪነቱ ለካቢኔ እንጂ ለነዋሪው አልነበረም። የ2010ሩ ሕገ መንግሥት አገሪቱን በ47 ካውንቲዎች ሲከፍል፣ ሚኒስቴሩ ከ2013ቱ ምርጫ በኋላ ቀረ። አንድ የሆነው የከተማ ሕይወት ለናይሮቢ፣ ለኪያምቡ፣ ለማቻኮስ፣ ለካጂያዶና ለሙራንጋ ተከፋፈለ።

ከጊጊሪ በሊሙሩ መንገድ ጥቂት ወደ ሰሜን የሄደ ሰው ሩዋካ ይገባል፤ ሩዋካ ኪያምቡ ናት። ጊጊሪ እየሠራ ሩዋካ የሚኖር ሰው ጠዋት ማታ ማታቱ በሚባለው ሚኒባስ ወሰን ይሻገራል። የሚመርጠው የኪያምቡን ገዢ ሲሆን ውሎው የሚወሰነው ናይሮቢ ነው። የናይሮቢ ቧንቧ ደግሞ አብዛኛውን ውኃ የሚያገኘው ሙራንጋ ካለው የንዳካይኒ ግድብ ነው። የሙራንጋ መሪዎች ከውኃው ገቢ ድርሻችን የት አለ ማለታቸው አይገርምም።

አራተኛው ሙከራ የካቲት 2020 ላይ ተደረገ። የናይሮቢው ገዢ ማይክ ሶንኮ ጤናን፣ ትራንስፖርትን፣ የሕዝብ ሥራዎችንና ፕላንን ለማዕከላዊው መንግሥት በፊርማቸው አስረከቡ። ሜጀር ጄኔራል ሞሐመድ ባዲ የመሩት መሥሪያ ቤት በድሆች ሰፈር የውኃ ጉድጓድ አስቆፍሯል። ሥራ ሠርቷል፤ ግን ባለሥልጣኑን በድምፁ የሚያወርድ ነዋሪ አልነበረም። መስከረም 2022 ላይ ዘመኑ አበቃ።

አምስቱን ካውንቲዎች በአንድ የትራንስፖርት ባለሥልጣን ሥር ያሰባሰበው በ2017 የተቋቋመው ናማታ ነው። ሐሳቡ ትክክል ነው፤ መሠረቱ ግን የፕሬዚዳንት ትእዛዝ እንጂ ካውንቲዎቹ በስምምነት ያቆሙት ውል አልነበረም።

የእኛም ጉዳይ ከዚህ ብዙ አይርቅም። አዲስ አበባን ከዙሪያዋ የኦሮሚያ ከተሞች ጋር ያቀናጃል የተባለው ማስተር ፕላን ነዋሪውን በቅጡ ሳያማክር በመውጣቱ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ደም ያፋሰሰ ተቃውሞ ቀሰቀሰና ጥር 2008 ዓ.ም. ተሰረዘ። በዚያው ዓመት የሰንዳፋው የቆሻሻ ማስወገጃ በአካባቢው ገበሬዎች ተቃውሞ ሥራ ሲያቆም ቆሻሻው ወደ አሮጌው የአዲስ አበባ መጣያ ወደ ቆሼ ተመለሰ፤ መጋቢት 2009 ዓ.ም. ላይ ቆሼ ተደርምሶ ከ100 በላይ ሰዎች ሞቱ። አዲስ አበባ ቆሻሻዋን ለጎረቤቷ ስትልክ፣ ጎረቤቷ ምን እንደምታገኝ የሚወስን የጋራ ጉባኤ አልነበረም። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በአዲስ አበባ ዙሪያ ሸገር ከተማ ተቋቁሟል፤ የውኃው፣ የመንገዱና የቆሻሻው ጥያቄ ግን ዛሬም የሁለቱ ነው።

የናይሮቢ ስልሳ ዓመት የሚያስተምረው ይህንን ነው፦ ወሰን ማስፋት ሕዝቡ እስኪያልፈው ብቻ ያገለግላል፤ ሥልጣንን ወደ ላይ መውሰድ ነዋሪውን ድምፅ ያሳጣል፤ ከፋፍሎ መተው ደግሞ ውኃውንና መንገዱን ባለቤት ያሳጣል። የሚያዋጣው እያንዳንዱ አስተዳደር ወሰኑን እንደያዘ፣ ለውኃ፣ ለትራንስፖርትና ለቆሻሻ ብቻ በእኩል ወንበር የሚቀመጥበት፣ የራሱ በጀት ያለውና በሕግ የጸና የጋራ ጉባኤ ነው። ውኃ የሰጠ ይከፈለው፤ ቆሻሻ የተቀበለ ይካስ። አዲስ አበባና ሸገር ለዚህ የሚቀመጡበትን ጠረጴዛ ሌላ ቆሼ ሳይደርስ ያዘጋጁ።