የሰበታ ጠላ ቤቶች፣ ፓስቲ ሻጮች እና ሳልመልስ የቆየሁት አንድ ጥያቄ

እንደ ልማዴ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ባለፈው ሳምንት አንድ ምሽት የድሮ ተማሪዬ ደወለልኝ። ከሰበታ መርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት ወጥተው እኛ ጋ ይማሩ ከነበሩት አንዱ ነው። ዛሬ ሐዋሳ የሚኖር ጠበቃ ሆኗል። ስለ ልጆቹና ስለ ጉልበቴ ሕመም ካወጋን በኋላ «ቲቸር፣ መንገዴ አለች?» አለኝ። የትኛዋ መንገድ? ስለው ቆጠረልኝ። ከአስፋልቱ ሲወርድ መጀመሪያ የፓስቲ ዘይት ይሸተዋል። ቀጥሎ ቆሎ የሚቆሉት ሴትዮ ምጣድ ይሰማዋል። ቀጥሎ ሥጋ ቤቱ፣ ቢላዋ በቢላዋ ሲሳል። ከዚያ ጌሾ የሚሸተው ቤት ጋ ሲደርስ ወደ ግራ ይታጠፋል፤ ከዚያ ወዲያ የትምህርት ቤታችን በር ነው።

በትር ይዞ ሦስት ዓመት የተመላለሰው በዚህ ካርታ ነበር። እኔ የታሪክ መምህር ሆኜ ለዓመታት ካርታ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስስል ኖሬ፣ የራሴን ከተማ እንዲህ አድርጌ አላውቃትም።

«ቅዳሜ ሄጄ አይቼ እነግርሃለሁ» አልኩት። ስለ ጌሾው ቤት ግን ምንም ትንፍሽ አላልኩም። እመለስበታለሁ።

ሰበታን ለማታውቁ፦ ከአዲስ አበባ በጅማ መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ ወጨጫን ከጀርባዋ ይዛ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ሸገር ከተማ ውስጥ ገብታለች፤ ለእኛ ግን ያው ሰበታ ናት። ታሪኳን የሚጽፍ ሰው ቢራ ፋብሪካውን፣ ጌቴሴማኒ ቤተ ደናግልን፣ መርሐ ዕውራንን፣ ከቅርቡም ባቡሩን ይጽፋል። እኔም ክፍል ውስጥ ያስተማርኩት እንደዚያ ነው። ማን ማንን አበላ የሚለውን የጠየቀኝም የለም፣ እኔም አልተናገርኩም።

ምግብ ሸጦ ማደር በአገራችን ነውር ሆኖ የኖረ ነገር ነው። እንግዳ ቤት ይገባል፣ እግሩ ይታጠባል፣ ይበላል፤ እህል በገንዘብ አይሸጥም። እቴጌ ጣይቱ በ1900 ዓ.ም. ሆቴላቸውን ሲከፍቱ ሰው ከፍሎ ለመብላት አፍሮ ስለነበር፣ አፄ ምኒልክ መኳንንቱን እየጋበዙና ራሳቸው እየከፈሉ እንዳስለመዱ ሲነገር ኖሯል። ንጉሠ ነገሥቱ ገብተውበት ሆቴሉ ከነውር ወጣ። ጉሊት ላይ ተቀምጣ ንፍሮ የምትሸጠው ሴት ግን ንጉሥ የገባላት የለም። ነውሩ እሷ ላይ ቀረ።

ከዚያ የጣሊያን አምስት ዓመት መጣ። 1928 እስከ 1933። ቃላቱን ብቻ ብትሰሙ ይበቃል፦ ፓስታ፣ ሳልሳ፣ ማኪያቶ፣ ፉርኖ፣ ቦምቦሊኖ። የእኛ ፓስቲም ከዚያው ወገን ይመስለኛል። ሳምቡሳ በሌላ በር፣ ከባሕሩ ወገን ነው የመጣው፤ ፉል ደግሞ ከሱዳንና ከግብፅ። ጨጨብሳ የአገሩ ነው፤ ስሙ ራሱ በኦሮምኛ መሰባበርን ይናገራል። ጭኮም እንደዚያው፣ የተቆላ የገብስ ዱቄት በቅቤ። በወልቂጤ መንገድ ደግሞ ጉራጌው ክትፎውንና ቆጮውን ይዞ መጣ። አንድ መቶ ሜትር በማትሞላ መንገድ ዳር ይህ ሁሉ ጎን ለጎን ይሸጥ ነበር፣ ማንም ማንንም ከየት መጣህ ሳይለው።

የጅማ መንገድ ነው ሥጋ ቤቶቹን የወለደው። ልጅ ሆኜ ኤንትሬ መኪኖች ቡና ጭነው ከጅማ ይመጡ ነበር፤ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘው አዲስ አበባ ሊገቡ ትንሽ ሲቀራቸው ሰበታ ላይ ቆመው ጥብስ ይበላሉ። ሾፌሩ ውስጥ ገብቶ ቁርጥ ያዛል፣ ረዳቱ ውጭ ጎማ ሥር ቁጢጥ ብሎ ዱለት ከእንጀራ ጋር። ዱለቱ ርካሽ ስለነበረ ነው። (ዛሬ ዱለት የሀብታም ቁርስ ሆኗል፤ ይህን ለዚያ ረዳት የሚነግርልኝ ባገኘሁ።)

ግን የሰበታን ምግብ የሠራው ከሁሉም በላይ ፋብሪካው ነው። ሜታ አቦ በ1950ዎቹ ማብቂያ ላይ ቢራ መጥመቅ ሲጀምር ሰዓት የሚባል ነገር መጣ። ፈረቃ። ሌሊት የሚገባ ሰው፣ ንጋት ላይ የሚወጣ ሰው። ገበሬ በፀሐይ ነው የሚበላው፣ የፈረቃ ሠራተኛ ግን በፊሽካ። ሌሊቱን ሠርቶ ለወጣው ንጋት 12 ሰዓት ላይ ትኩስ ፓስቲና ሻይ የሚያቀርብ ሰው መኖር አለበት፤ እነዚያ ሴቶች የተነሡት ከዚያ ነው። የኋላ ኋላ ከ2002 ዓ.ም. ወዲህ ዓለም ገና ላይ ትልቁ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሲመጣም እንደዚያው ሆነ፦ በሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ ከኪሳቸው የሚመጥን ምሳ ፈለጉ። እርጥብ ሰበታ ውስጥ የነገሠው በእነሱ ጊዜ ነው፤ ዳቦ፣ የተጠበሰ ድንች፣ ቃሪያ፣ ትንሽ ስጎ።

ባቡሩ ብቻ አላበላንም። ድሬዳዋም አዋሽም ከጣቢያቸው ጋር ሻይ ቤትና ቡፌ ያፈሩ ናቸው። በመስከረም 2009 የተመረቀው የጅቡቲ መስመር ከሰበታ ይነሣል ተብሎ በየካርታው ተጽፏል፤ መንገደኛው ግን የሚሳፈረው ለቡ ላይ ነው። መንገደኛ በሌለበት ማን ቆሎ ይሸጣል። ሌላም የሚገርመኝ አለ፤ የአገሪቱ የዓሣ ምርምር ማዕከል ሰበታ ነው ያለው፣ እኔ ግን ዕድሜዬን ሙሉ መንገድ ዳር ዓሣ ጠብሳ የምትሸጥ ሰበቴ አላየሁም።

አሁን ወደ ጌሾው ቤት።

እናቴ ጠላ ሻጭ ነበረች። ብዙዎቻችሁ ይህን ስታነቡ የመጀመሪያችሁ ነው፤ ምክንያቱም እኔ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። በተማርኩበት ዘመን ቅጽ ላይ «የእናት ሥራ» የሚል ሲመጣ «የቤት እመቤት» ብዬ ነው የሞላሁት። «የኮማሪ ልጅ» ተብሎ ያልተሰደበ ሰው ይህ ለምን እንደሆነ ላይገባው ይችላል።

ቤቷ አንድ ክፍል ናት። በ1967 ዓ.ም. ሐምሌ ትርፍ ቤት ሲወረስ፣ ኪራያቸው ከ100 ብር የማይበልጥ ቤቶች ለቀበሌ ገቡ፤ እሷም የቀበሌ ተከራይ ሆነች። ኪራዩም ቀነሰላት። ደርግን ስትራገም «ቤቷንስ ሰጥቶኛል» ብላ ታቆም ነበር፤ የታሪክ መጽሐፍ ውስጥ ይህችን ዓረፍተ ነገር የሚያህል ሚዛናዊ ነገር አላነበብኩም። ከደጃፏ ላይ እንጨት ጫፍ የተደፋ ጣሳ ይሰቀላል። ያ ነው ሰሌዳዋ፤ ጣሳው ካለ ጠላ አለ፣ ከወረደ አልቋል።

ጠላ ቀልድ አይደለም። ጋኑ በግራዋ ቅጠል ይታጠባል፣ በወይራ ጭስ ይታጠናል። ጌሾው ተወቅጦ ከውሃ ጋር ይጠነሰሳል፣ ብቅሉ ይገባል። ከዚያ እንኩሮው፦ የገብሱ ዱቄት በውሃ ታሽቶ ምጣድ ላይ እየተገላበጠ እስኪጠቁር፣ ሌሊቱን ሙሉ፣ በጭስ ውስጥ። ዓይኗ ሁልጊዜ ቀይ ነበር። ሁሉም ተደባልቆ ድፍድፉ ሲበስል ውሃ ይሞላና አፉ ይመረጋል። ቶሎ የቸኮለ ደንበኛ ጉሹን ይጠጣል፤ ገንዘብ ያጠረው ሲያልቅ የሚቀዳውን ቅራሪ። አተላው ላም ላላቸው ጎረቤቶች ይሄዳል፤ በልዋጩ ለእኛ ወተት ይመጣል። የኦሮሞ ደንበኞቿ ፋርሶ ነበር የሚሉት፤ እሷም ለእነሱ ፋርሶ ትለው ነበር።

እህል ማግኘት ደግሞ በደርግ ጊዜ ሌላ ጦርነት ነው። እህል የሚገዛው እርሻ ሰብል ነው፣ መንገድ ላይ ኬላ አለ፤ ያለፈቃድ ጆንያ ማንቀሳቀስ አይቻልም። እናቴ ከተፍኪ ወገን ገብስ የምታመጣው በትንሽ በትንሹ፣ ከነጠላዋ ሥር በወገቧ ታስራ ነበር። አንድ ቀን ኬላ ላይ «እርጉዝ ነኝ» ብላ አለፈች። ያኔ ሃምሳ ዓመት ሊሆናት ነው።

ከሁሉ የሚገርመው ደንበኞቿ ነበሩ። ማን ይመስሏችኋል? የቢራ ፋብሪካው ሠራተኞች። ቀኑን ሙሉ ቢራ ሲጠምቁ ውለው ማታ እናቴ ጋ ጠላ ሊጠጡ ይመጣሉ! አንድ ጊዜ በልጅ አፌ ለምን ብዬ ብጠይቅ፣ አንዱ «ቢራው የመንግሥት ነው፣ ጠላው የእኛ» አለኝ። እውነቱ ግን የዋጋ ነገርም ነበር፤ የዱቤም። ቢራ በዱቤ አይሰጥም። እናቴ መጻፍ ስለማትችል ግድግዳው ላይ በከሰል ትሰምራለች፤ ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ ቦታ አለው። ደመወዝ የወጣ ዕለት በእርጥብ ጨርቅ ታጠፋለች። ፋብሪካው በ2004 ዓ.ም. ለእንግሊዞቹ ዲያጂዮ በ225 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ ሲባል ስሰማ፣ በኋላም ለፈረንሳዮቹ ካስቴል ሲያልፍ፣ ያሰብኩት ያንን ግድግዳ ነው። ያ ሒሳብ ማን ጋ ገባ?

እኔ መምህር ሆኜ ስመለስ እዚያው ቤት ነበር የማድረው፤ እስካገባ ድረስ። ጠዋት ነጭ ሸሚዜን ለብሼ በጓሮ በኩል እወጣለሁ። ተማሪዎቼ አብረውኝ ከሆኑ በዚያ መታጠፊያ አላልፍም፤ ዞሬ ነው የምሄደው። እናቴ ይህን አይታለች። አንድ ቀን «በዚያኛው መንገድ ጭቃ የለውም?» ብላ ጠየቀችኝ። «የለውም» አልኳት። ክረምት ነበር፣ ጫማዬም ፊቷ ላይ ነበር።

በ1995 ዓ.ም. አረፈች። ጣሳውን ከእንጨቱ ላይ ያወረድኩት እኔ ነኝ።

ቅዳሜ ሄድኩ። ፓስቲ ሻጯ የለችም፤ በቦታዋ የሞባይል መጠገኛ ኮንቴይነር ቆሟል። ግን ልጅዋ ከዚያ ትንሽ ወረድ ብሎ፣ ጃንጥላ ሥር፣ በዚያው በጥቁር መጥበሻ ትጠብሳለች። በእኔ ጊዜ ስሙኒ የነበረው ፓስቲ ዛሬ 15 ብር ነው። ሁለት በላሁ፤ ዘይቱ ተለውጧል፣ እጇ ግን የእናቷ ነው። ቆሎ ሻጯ እማማ በሕይወት አሉ፤ ዓይናቸው ደክሟል፣ አይቆሉም። ሥጋ ቤቱ ፎቅ ሆኖ ማጋዙ በኤሌክትሪክ ነው፤ የቢላዋ ድምፅ አይሰማም። እኛ ቤት የነበረበት ቦታ መንገዱ ሲሰፋ ግማሹ ሄዷል፣ ግማሹ ባዶ ነው። ምንም አይሸትም።

ማታ ደወልኩለት። የፓስቲውን ነገርኩት፣ የቆሎውን፣ የሥጋ ቤቱን። ከዚያ «ጌሾ የሚሸተው ቤት የእናቴ ቤት ነበር» አልኩት። እንዲህ በአፌ ስለው የመጀመሪያዬ ነው።

ትንሽ ዝም አለና «አውቅ ነበር ቲቸር» አለኝ።

«እንዴት?»

«እርስዎ ክፍል ሲገቡ እኮ ያው ሽታ አብሮዎት ይገባ ነበር። ከዚያ ላይ አንድ ቀን ዝናብ ይዞኝ እማማ አስገብተውኝ ንፍሮ አብልተውኛል። ‹ልጄ እዚያ ነው የሚያስተምረው፣ ስሜን እንዳትነግረው› አሉኝ።»

ስልኩን ይዤ ቁጭ አልኩ። ሦስት ዓመት ሙሉ የፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ ይህን ይዞ ነበር።

ለገና ቤተሰቡን ይዞ እመጣለሁ ብሏል። መታጠፊያውን እንዴት እንደሚያገኝ ጨነቀው፤ እኔ እጁን ይዤ እወስደዋለሁ። እስከዚያ ግን፣ የድሮ ተማሪዎቼ፣ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። በዚያ መንገድ ዳር ማን ምን ይሸጥ እንደነበር፣ በስንት፣ በየትኛው ደጃፍ፣ የምታስታውሱትን ጻፉልኝ። ዱቤ ያልከፈላችሁም ካላችሁ ጻፉ። የፓስቲዋ ልጅ የእናቷን ደብተር ከነሽፋኑ አስቀምጣዋለች፤ እኔም ውስጡ አለሁ፣ 4 ብር ከ75።