ትእዛዝ አንቀጽ በሕመምተኛ አልጋ አጠገብ

ዘመናዊው የነርስነት ሙያ በኢትዮጵያ ከጥንስሱ ጀምሮ ከእንግሊዝኛ ጋር የተቆራኘ ነው። ልዕልት ፀሐይ በስደት ዘመን ለንደን በሚገኘው የግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ሙያውን ተምረው በ1931 ዓ.ም. ነርስ ሆኑ። በ1940ዎቹ በአዲስ አበባ የነርስ ትምህርት ቤቶች፣ በ1947 ዓ.ም. ደግሞ የጎንደር ጤና ጥበቃ ኮሌጅ ሲቋቋሙ ትምህርቱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነበር።

በእንግሊዝኛ ትእዛዝ አንቀጽ አንዱ ቃል ለወንድም ለሴትም፣ ለአንድም ለብዙም፣ ለሕፃንም ለሽማግሌም ያገለግላል። በካርድ ላይ ለሚጻፍ ትእዛዝ ይህ አጭርነት ይበጃል፤ የመድኃኒቱ ስም፣ መጠኑና ሰዓቱ ተሟልቶ «ስጥ» ከተባለ ተረኛዋ ነርስ የምታመነታበት ነገር የለም።

ችግሩ የሚመጣው ቃሉ ከካርዱ ወደ ሕመምተኛው ሲሻገር ነው። ለዚህም የባሌ ደጋ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። የጎባ ሆስፒታል ዛሬ የመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ የጤና ተማሪዎች የሚሠለጥኑበት ነው። ተማሪዎቹ የሚማሩት በእንግሊዝኛ ሲሆን፣ ከሮቤና ከጎባ ዙሪያ ገጠር የሚመጣው ሕመምተኛ ግን በአብዛኛው ኦሮምኛ ተናጋሪ ነው። የእንግሊዝኛው «ሲት ዳውን» በአማርኛ «ተቀመጥ»፣ «ተቀመጪ»፣ «ተቀመጡ»፣ «ይቀመጡ» ተብሎ ይከፈላል። በኦሮምኛም «ታኢ» ለአንድ እኩያ ወይም ታናሽ፣ «ታኣ» ለብዙዎችና ለተከበረ ሰው ይነገራል። አዛውንቱን «ታኢ» የምትል ነርስ ቃሉን ተርጉማለች፤ ሰውየውን ግን አቃልላለች። ክብሩ የተነካ ሕመምተኛ ደግሞ ሕመሙን ሊሸሽግ፣ የተነገረውንም ምክር ሊተው ይችላል።

ስለሆነም ትእዛዝ አንቀጽ ለነርስ ተማሪ ሲሰጥ፣ የሕመምተኛው ቋንቋ የሚጠይቀው አክብሮትም አብሮ ሊሰጥ ይገባል።